የወላድ ስንቅ



ሰው ለረጅም መንገድ ሲነሣ ስንቅ ይሰንቃል። ስንቁም እንደ መንገዱ ነው፤ ወደ ቆላ የሚወርድና ወደ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ አንድ ዓይነት አይሰንቁም። ከመንገዶች ሁሉ የሚከብደው ግን ሴት ልጅ ለመውለድ የምትሄድበት መንገድ ነው። «ነፍሰ ጡር አንድ እግሯ ከመቃብር ነው» የሚለው አነጋገር የኖረው ይህን ሁሉም ሰው በየቤቱ ስላየው ነው። ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ይኸው የወላድ ስንቅ ነው። ይኸውም በቤቷ ለምትወልድ እናት ከጥንት ጀምሮ ምን ይሰናዳላት እንደ ነበረ፣ ከተሰናዳውስ ምን እንደ ጎደለ፣ የጎደለውም በምን እንደ ተሞላ ለመመልከት ነው። ለምስክርነትም በተለይ የጋሞን ምድር እንመርጣለን።

ጋሞ ደጋና ቆላ በአጭር ርቀት የሚተያዩበት አገር ነው። ከታች ዓባያና ጫሞ የተባሉት ሐይቆች ተኝተዋል፤ ከላይ የጉጌ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ጨንቻ በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ የቀድሞው የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። በ1950ዎቹ ዓመታት መቀመጫው ወደ አርባ ምንጭ ወረደ፤ አርባ ምንጭም ዛሬ የጋሞ ዞን ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ነገር ግን ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣልና፣ ምጥ ለጸናባት ሴት የዚህ መንገድ ርዝመት በኪሎ ሜትር የሚቈጠር አይደለም።

በደጋው የዶርዜ ሰው ቤቱን ከቀርከሃ ይሠራል፤ በጓሮውም እንሰት ይተክላል። ሴቲቱ እንሰቱን ፍቃ ቆጮውን በጉድጓድ ታኖራለች፤ ከቆጮው የጠራውን ቡላ ለብቻው ታወጣለች። ጥጡን ፈትላ ድሩንና ማጉን ታዘጋጃለች፤ ወንዱም ይሸምነዋል። ከእነዚህ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ ተሻግረው በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሲሠሩ ኖረዋል፤ ለመስቀል በዓልም ወደ አገራቸው መመለስ ልማዳቸው ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቤት ለአራስ የሚያስፈልገው ምግብ ከጓሮ፣ ልብሱም ከእንዝርትና ከሸማኔ ጉድጓድ ይገኛል።

በእንሰት አገር ለአራስ የሚቀመጠው ምግብ በቅቤ የሚገነፋው ቡላ ነው። በሰሜኑ ደጋ ደግሞ የገብስ ወይም የአጃ ዱቄት፣ አብሽ፣ ማርና ቅቤ አስቀድሞ ይከማቻል፤ ገንፎው የሚገነፋው ከዚያ ነው። የበኵር ልጇን የምትወልድ ሴት ወደ እናቷ ቤት መሄድ ልማድ ነበረ። ምጥ ሲመጣ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ማርያምን ይለምናሉ፤ ልጅ ሲወለድ እልል ይላሉ፤ እንግዴ ልጁም ይቀበራል። አራሲቱ ከሥራ ተገልላ፣ በሌሎች እጅ እየተመገበችና እየታጠበች ትሰነብታለች። ይህ ሁሉ ጥበብ እንጂ ከንቱ ልማድ አይደለም። ብዙ ደም ያጣችና ጉልበቷ ያለቀ ሴት ዕረፍትና ጠንካራ ምግብ ያስፈልጋታል፤ ሐኪምም ቢጠየቅ ከዚህ የተለየ አያዝም።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስንቅ አንድ በአንድ ብትቈጥረው ሁሉም ከልደት በኋላ የሚያገለግል ነው። ለልደቱ ሰዓት ራሱ የተሰናዳው ጥቂት ነበረ። አገራችን የእትብትን ነገር ታከብራለች፤ ሰው የትውልድ ስፍራውን ሲናፍቅ «እትብቴ የተቀበረበት» ይላል። ስለ መቀበሪያው ይህን ያህል ስንጠነቀቅ፣ እትብቱ የተቈረጠበትን ስለት ግን የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም። ምላጭ ከተገኘ በምላጭ፣ ካልተገኘም በቤት ቢላዋ ወይም በማጭድ ይቈረጥ ነበረ። እንዲለሰልስ ተብሎም በብዙ አካባቢ ቅቤ ይቀባ ነበረ።

መንጋጋ ቆልፍ፣ በሐኪሞች ስም ቴታነስ የተባለው በሽታ የሚገባው በዚህ በር ነው። የበሽታው ዘር በአፈርና በከብት ፋንድያ ውስጥ ለብዙ ዘመን ሳይሞት ይኖራል። ባልነጻ ስለት ወይም በተቀባው ነገር ወደ እትብቱ ቍስል ሲገባ መርዝ ያመነጫል። ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደኅና ይጠባል፤ ከዚያም አፉ ይገጥምና መጥባት ይሳነዋል፤ ሰውነቱ ይገተራል፤ ብዙውን ጊዜም አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይሞታል። እናቲቱ ግን ልጄን ዓይን በላው ብላ ታለቅስ ነበረ። ቤቱ በቅቤና በዱቄት ተሞልቶ ሳለ ልጁ የሞተው አንድ የተቀቀለ ምላጭ ጠፍቶ ነው።

ይህን ስንል የቀድሞ እናቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። የተማሩትም በዚሁ ስተዋልና። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1847 በቪየና ከተማ ሆስፒታል ሰመልዌስ የተባለ ሐኪም አንድ የሚያስደንቅ ነገር አስተዋለ። ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው በሚያዋልዱበት ክፍል የሚሞቱት እናቶች፣ አዋላጆች በሚሠሩበት ክፍል ከሚሞቱት እጅግ ይበልጡ ነበረ። ሐኪሞቹ ሬሳ ከመረመሩበት ክፍል በቀጥታ ወደ ወላዶች ይመጡ ነበርና፣ እጃቸውን ክሎሪን ባለበት የኖራ ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ፤ ሞቱም ወዲያው ቀነሰ። ባልንጀሮቹ ግን የገዛ እጃችን ገዳይ ነው መባልን አልወደዱም፤ በሕይወቱ ሳለም ብዙዎቹ ሳያምኑት ቀሩ። እንግዲህ ንጹሕ እጅ የወላድ ስንቅ መሆኑን ለመቀበል ዓለምም ዘግይቷል።

በአገራችን ይህ ሐዘን ከቤተ መንግሥትም አልቀረም። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በእንግሊዝ አገር የነርስነት ትምህርት የተማረች ነበረች። ባገባች በጥቂት ወራት፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወለጋ በነቀምቴ ሳለች ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፈች። የነርስ ዕውቀትም የልዕልትነት ክብርም አላዳናትም። በስሟ በአዲስ አበባ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ፤ በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካተሪን ሃምሊን ከአውስትራሊያ የመጡት በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጅነት ትምህርት እንዲያቋቁሙ ነበረ። በዚያም ምጥ ለቀናት የጸናባቸውና በፊስቱላ የተጎዱ እናቶችን አገኙ፤ ቀሪ ዘመናቸውንም ለእነርሱ ሰጡ። ዛሬ እነርሱ ካቋቋሙት ሆስፒታል ቅርንጫፎች አንዱ በደቡቡ በኩል በይርጋለም ይገኛል።

ሁለተኛው የስንቅ ዘመን የጀመረው በእነዚሁ ዓመታት ነው፤ እርሱም የሣጥን ዘመን ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ከጤና መኰንኖችና ከንጽሕና ጠባቂዎች ጋር የማኅበረሰብ ነርሶችን ያስተምር ነበረ። እነዚህ ሴቶች ወደ ወላዷ ቤት ሄደው እንዲያዋልዱ የሠለጠኑ ነበሩ። በዚያው ዘመን የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ የአዋላጅ ሣጥን ለብዙ አገሮች ያድል ነበረ። በሣጥኑ ውስጥ ሳሙና፣ መቀስ፣ የእትብት ማሰሪያ፣ ንጹሕ ጨርቅና የመሳሰለው ይገኝ ነበረ። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ በአልማ አታ ከተደረገው የዓለም የጤና ጉባኤ ወዲህም በየገጠሩ ያሉ የልምድ አዋላጆች እየተሰበሰቡ ሠለጠኑ። ትምህርቱ በሦስት ቃል የሚጠቃለል ነበረ፤ ንጹሕ እጅ፣ ንጹሕ መኝታ፣ ንጹሕ የእትብት መቍረጫ።

በ1972 ዓ.ም. የክትባት ሥራ በአገር ደረጃ ተጀመረ፤ ነፍሰ ጡሮችም የመንጋጋ ቆልፍን ክትባት ይወስዱ ጀመር። እናት ስትከተብ ልጇም ከበሽታው ተጠብቆ ይወለዳል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አንድ ዓመት የሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለየቀበሌው ሁለት ሁለት እየሆኑ ተመደቡ። በ2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ከሕዝብ ጤና ጠንቅነት ማስወገዷ ተረጋገጠ። ሆኖም የበሽታው ዘር ከአፈሩ አልጠፋም፤ ጥንቃቄው ከተተወ ይመለሳል።

ታዲያ ሣጥኑ ሁሉን ፈጸመ ማለት ነውን? አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ገደማ በጋሞ በቦንኬ፣ በአርባ ምንጭ ዙሪያና በአጎራባቹ በደራሼ ወረዳዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ 11,000 የሚጠጋ ልደት መዝግበው ነበር። እጅግ የሚበዛው ልደት በቤት የተፈጸመ ነበረ፤ ከሞቱት እናቶችም ብዙዎቹን የገደላቸው ደም መፍሰስ ነው። በመላው አገርም በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከመቶ ልደት በጤና ድርጅት የተፈጸመው 5 ብቻ ነበረ፤ ከ100,000 ሕያው ልደትም 871 እናቶች ይሞቱ ነበረ።

ደም ቀጠሮ አይሰጥም። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ማሕፀን ሳይኰማተር ከቀረ፣ ብርቱ የነበረች ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ማሕፀንን የሚያኰማትር መርፌ፣ የሌላ ሰው ደም፣ አንዳንዴም ቀዶ ጥገና ነው። እነዚህን በቤት ማስቀመጥ አይቻልም። ማሕፀን የሚያኰማትረው መርፌ ራሱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ከቤቶች ሁሉ የተሻለው፣ ንጽሕናው የተጠበቀና ሣጥኑ የተሟላ ቤት እንኳ በዚህች ሰዓት ባዶ ቤት ነው።

ስለዚህ ሦስተኛው ስንቅ መንገድ ነው። በደጋው ወላድን በቃሬዛ ተሸክሞ መውረድ ጥንትም ነበረ፤ ነገር ግን ሰው የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ተስፋ ከተቈረጠ በኋላ ነበረ። አዲሱ ነገር አስቀድሞ መነሣት ነው። በጉራጌ አገር የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል በ1968 ዓ.ም. ገደማ የእናቶች ማቆያ ቤት ሠራ፤ ቤቷ የራቀ ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ መጥታ በሆስፒታሉ ግቢ ትጠብቃለች። ይህ ምሳሌ በኋላ በየጤና ጣቢያው ተስፋፋ፤ አምቡላንሶችም ለየወረዳው ታደሉ። በ2008 ዓ.ም. የሟቾቹ ቍጥር ወደ 412 ወርዶ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በጤና ድርጅት የሚወለደው ከመቶ 48 ደርሶ ነበር።

በብዙዎቹ የማቆያ ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ይገነፋል፤ ቡናም ይፈላል። እህሉን ቤተ ሰብ ያመጣዋል፤ ወይም የአካባቢው ሰው ያዋጣዋል። እናቶች በቤት መውለድን የመረጡበት አንዱ ምክንያት ይህን ሁሉ በሆስፒታል ስለማያገኙት ነበረ። እንግዲህ አሮጌው ስንቅ አልተጣለም፤ ከወላዷ ጋር ወደ ጤና ጣቢያው ተጓዘ እንጂ።

ውድ አንባቢ፣ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ ነፍሰ ጡር ካለች እንዲህ ብለህ ጠይቅ። ለመጓጓዣ ገንዘብ ተቀምጧልን? በሌሊት ማን ይጠራል? መኪና በማይገባበት ስፍራ ቃሬዛውን የሚሸከሙት እነማን ናቸው? ደም ቢያስፈልግ ማን ይሰጣል? ልጆቹን ማን ይጠብቃል? ባል ለሥራ ርቆ ከሆነ፣ ወደ ሕክምና ትሂድ ብሎ የሚወስን ማን ነው? ምጥ በድንገት ቢቀድም ደግሞ አዲስ ምላጭ፣ ንጹሕ ማሰሪያ፣ ሳሙናና የታጠበ ጨርቅ በአንድ ስፍራ ይቀመጡ። ደም ከፈሰሰ፣ ምጥ ከ12 ሰዓት ካለፈ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን መጋረድ፣ መንዘፍዘፍ ወይም ትኵሳት ከታየ ግን ገንፎው እስኪበስል አይጠበቅ።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይባላል። ቅቤውንና ቡላውን እንደ ልማዳችን እናሰናዳ፤ ከዚያ በፊት ግን መንገዱን እናሰናዳ። ገንፎው የሚበላው ወላዷ በሕይወት ከተገኘች ነውና። ለነፍሰ ጡሮች ሁሉ እግዚአብሔር በሰላም ያገላግላቸው።