የዜናው መቀስ

በሐዋሳ መሃል ከተማ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን የሻይ ቤቶቹ ጫጫታ ለጥቂት ደቂቃ ረገብ ይላል። የዜናው መክፈቻ ሙዚቃ ይሰማና አንዱ «ድምፁን ጨምሩልን» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ምን እንደሚሉ እናውቀው የለ?» ብሎ ሻዩን ያማስላል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ሁለተኛው ሰው ነው። ዜናውን አያምነውም፤ ግን ተነስቶ አይሄድም። ከተነገረው ይልቅ ያልተነገረውን ያዳምጣል። አንድ ሹም ሳይታይ ከሰነበተ «ምን ሆኖ ነው?» ይላል። ስለ አንድ አካባቢ ሰላም መሆን ሦስት ማታ ከተደጋገመ «እዚያ ነገር አለ» ይላል። ብዙ ጊዜም አይሳሳትም።

ውድ አንባቢያን፣ እንዲህ ያለው አዳማጭ በአንድ ቀን አልተፈጠረም። ለሐዋሳ ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሎቄ ከመሃል ከተማው ሩቅ አይደለም። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የሐዋሳን አስተዳደራዊ ይዞታ ለመለወጥ የታሰበውን በመቃወም የወጡ የሲዳማ ሰልፈኞች እዚያ ተተኮሰባቸው። መንግሥት ሰልፈኞቹ የታጠቁ ነበሩ አለ፤ ነዋሪዎችና የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ደግሞ ሰላማዊ ነበሩ አሉ። የሟቾቹ ቁጥርም በሁለቱ ወገን አንድ ሆኖ አያውቅም። ሰው ግን ለቅሶ የሚደርስበትን ቤት ያውቅ ነበር። የሬድዮን ወሬ በለቅሶ ቤት ማረም የጀመረ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አያዳምጥም።

ለእኛ ለሙስሊሞች ትምህርቱ የጀመረው ከዚያ በፊት ነው፤ የጀመረውም በአንዲት ቃል ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በይፋ አነጋገር የምንጠራው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ተብለን ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደው ታላቁ የሙስሊሞች ሰልፍ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል። ለማያስተውል ሰው ይህ የሰዋስው ክርክር ይመስለዋል። «የሚኖሩ» የሚለው ቃል እኮ ሐሰት አልነበረም፤ እንኖር ነበርና። ነገር ግን ባለቤቱን ተከራይ ያደርገዋል።

አድልዎ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ውሸትን ነው። ታሪካችን የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ከሁሉ የበለጠ ጉዳት ያደረሱት እውነተኛ ቃልና እውነተኛ ምስል ናቸው፤ የሚቀጥሉበትና የሚቆረጡበት ቦታ ተመርጦላቸው። የዚህ ትልቁ ምሳሌ የተፈጸመው በ1967 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ማታ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የአገሪቱ ሬድዮ ለብዙ ወራት ጉዳዩን አላነሳም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በንጉሡ የዘውድ በዓል ተመርቆ የተከፈተ ነበርና ከሬድዮው የተለየ አንደበት አልነበረውም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው አሳዩ፤ ተማሪውም በዚያ ተቆጣ። ዓለም የሰማው ግን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን ባሳየ ጊዜ ነው። ገንዘብና እህል መጣ፤ ቁጣም መጣ።

ደርግ ይህን ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። ነገር ግን እንደመጣ አልታየም። ከተራቡት ሕፃናት ቀጥሎ የቤተ መንግሥት ግብዣ ተቀጠለበት፤ ከአፅመ ብቻ ሰዎች ቀጥሎ ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ታየ። ንጉሡ ራሳቸውም ፊልሙን እንዲያዩ ተነግሯቸው ነበር ይባላል። በማግሥቱ ጠዋት ከዙፋን መውረዳቸው ተነበበላቸውና በቮልስዋገን ተወሰዱ። ያን ጊዜ ቴሌቪዥን ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙም አይሻገርም ነበር፤ ለክፍለ አገሩ የደረሰው የፊልሙ ወሬ ነው።

ከዚያ ማታ ምስሎች አንዱም የፈጠራ አልነበረም። ልጆቹ በእርግጥ ተርበዋል፣ ግብዣውም በእርግጥ ተደርጓል። በሁለቱ መካከል የገባው መቀስ ግን የራሱ ጉዳይ ነበረው። ጉዳዩ እንጀራ ሳይሆን ዙፋን መሆኑን ለማወቅ 10 ዓመት መጠበቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ ነገር ልጨምር። የዲምብልቢ ፊልም ራሱ፣ መቀስ ሳይነካው በፊት፣ ሁሉንም አላየም። የተራበው ሰው የተሰበሰበባቸው መጠለያዎች ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ነበሩ፤ ካሜራም መኪና የደረሰበት ድረስ ነው የሚደርሰው። በዚያ ረሃብ እጅግ ከተጎዱት መካከል የአፋር አርብቶ አደሮች ነበሩ። በበጋ ከብታቸውን የሚያሰማሩበት የአዋሽ ዳርቻ በጥጥ እርሻ ተወስዶባቸው ነበርና ድርቁ ሲመጣ መሸሻ አጡ። ከመንገዱ ርቀው ሞቱ። ንጉሡ የደበቋቸውን ደርግ አሳየ እንላለን፤ እነዚህን ግን የደበቃቸውም ያሳያቸውም የለም። የማንም ተንኮል ሳይኖርበትም አድልዎ ይኖራል ማለት ነው።

በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ ሲያከብር የብዙኃን መገናኛው ሁሉ በሰልፍ፣ በመዝሙርና በቀይ ጨርቅ ተሞልቶ ነበር። ኮረም ላይ በየሌሊቱ ሰው ያልቅ ነበር። በጥቅምት 13 የቢቢሲው ማይክል በርክ ዘገባ ከኮረም ሲተላለፍ ምስሉን ያነሳው ኬንያዊው ሙስሊም መሐመድ አሚን ነበር። ይህ ሰው በ1989 ዓ.ም. ኮሞሮስ አጠገብ በተከሰከሰው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ፤ አላህ ይዘንለት። እንግዲህ የንጉሡን ዝምታ በፊልም ያጋለጠው መንግሥት፣ በተራው ዝም ሲል ያጋለጠው የውጭ ካሜራ ሆነ።

ከደርግ በኋላ የመጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ አዘዘ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ ይህ ትእዛዝ ሕይወት የዘራ መስሎ ነበር፤ ተቃዋሚና ገዢው ፓርቲ በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ሲከራከሩ አየን። ከግንቦት 7 በኋላ ግን በሩ ተዘጋ። በሰኔ የአሜሪካ ድምፅና የጀርመን ድምፅ የአዲስ አበባ ዘጋቢዎች ፈቃዳቸውን ተነጠቁ።

ከዚያም ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. መጣ። በአወልያ የተጀመረው የሙስሊሞች ጥያቄ ወደ ሁለተኛ ዓመቱ ተሻግሮ፣ የኮሚቴው አባላት ታስረው፣ ክሳቸው በፍርድ ቤት እየታየ ሳለ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የሚለውን ፊልም አስተላለፈ። ፊልሙ እንዳይታይ የፍርድ ቤት እግድ ነበረ። እስረኞቹ በምርመራ ላይ የሰጡት ቃል እየተቆራረጠ ቀረበ፤ ከእነሱም ጎን የቦኮ ሐራምና የአልሸባብ ስም ተቀጠለ። የ1967ቱ መቀስ በሌላ እጅ መሆኑ ነው። ያንን ዘዴ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ፊልሙን ሲያዩ ምን እንዳሰቡ መገመት አያዳግትም። ክስ የቀረበባቸው በ2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ከእነሱም መካከል «የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸው ነበር። ኋላም በተለያየ ጊዜ ተለቀቁ፤ የመጨረሻዎቹ በ2010 ዓ.ም.።

የሐዲስ ሊቃውንት ወሬው ጥሩ ነው ብለው ብቻ አይቀበሉም ነበር፤ ማን ከማን ሰማ፣ የት ተገናኙ፣ ሰውየው የማስታወስ ችሎታው እንዴት ነው ብለው ሰንሰለቱን አንድ በአንድ ይፈትሹ ነበር። የቴሌቪዥን ፊልም ሰንሰለት የለውም። ማን ቀረጸው፣ ስንት ሰዓት ተቀርጾ ስንት ደቂቃ ቀረ፣ ከፊቱና ከኋላው ምን ነበር? የተመልካቹ ድርሻ ማየት ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህን ፍተሻ እኛም በራሳችን ላይ አላደረግነውም። በእነዚያ ወራት በስልኬ የሚደርሰኝን መልእክት ሁሉ፣ ወደ እኛ ያደላ ስለነበረ ብቻ፣ ሳላጣራ ለሌላው አሳልፍ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ፎቶግራፍ የሌላ አገር መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የላክሁላቸውን ሰዎች ግን «ተሳስቻለሁ» አላልኳቸውም። የእኔ መቀስ ትንሽ ስለነበረች ያልቆረጠች መስሎኝ ነበር።

ወደ ሐዋሳ ልመለስ። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የሲዳማ ክልልነት ጥያቄ ቀነ ቀጠሮው ሲደርስ በሐዋሳና በሌሎች የሲዳማ ከተሞች ሰው ሞተ፣ ቤትና ንብረት ተቃጠለ። የሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክ ሥርጭቱ ተቋረጠ፤ ኃላፊዎቹም ታሰሩ። ኢንተርኔትም ጠፋ። በእነዚያ ቀናት መሃል ከተማ ላይ አስተማማኙ ዜና የስልክ ደወል ነበር። ከሞንቴ የጥሪ ድምፅ በኋላ ከወዲያ ማዶ የሚመጣውም ያው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «እናንተ ሰፈር ደኅና ናችሁ?»