የደመወዝ ወለል፦ ከ1966ቱ አድማ የቀረ ጥያቄ

የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አድማው በአራት ቀናት ውስጥ በድርድር ቆመ። ከቀረቡት ጥያቄዎች መካከል የጡረታ ዋስትና፣ የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብትና በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ይገኙበት ነበር። የመጨረሻው ግማሽ ምዕተ ዓመት ተሻግሯል።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የመደራጀትን መብት ቢጠቅስም አስፈጻሚ ሕግ ባለመኖሩ ሠራተኞች የሚሰባሰቡት በእድር ጥላ ሥር ነበር። እድር ቀባሪም አስታማሚም ነው፤ ከአሠሪ ጋር በደመወዝ የመደራደር ሥልጣን ግን የለውም። አዲሱ ሕግ የሰጠው ይህንኑ ሥልጣን ነው። ይሁን እንጂ ብዙ አልቆየም፤ ደርግ በ1968 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 64 ማኅበሩን አፍርሶ ሠራተኛውን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር መልሶ አደራጀ።

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የወጡት ሕጎች ጥቅማ ጥቅምን በዝርዝር ደንግገዋል። ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ፣ ለወላድ 120 ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታም ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይዋጣል።

ችግሩ ያለው ስሌቱ ላይ ነው። የፈቃድ ክፍያ፣ የሥራ ስንብትና ጡረታ ሁሉም የሚሰሉት ከደመወዝ ተነሥተው ነው። በ2011 ዓ.ም. በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ የዚህ 18 በመቶ 5 ዶላር እንኳ አይሞላም። መነሻው ሲያንስ በላዩ የተሠራው መብት ሁሉ አብሮ ያንሳል፤ የዋጋ ንረትም የቀረውን ይሸረሽራል።

ዐዋጁ መንግሥት፣ ሠራተኛና ሌሎች ባለድርሻዎች የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይፈቅዳል፤ ዐዋጁ ከወጣ 5 ዓመት በኋላም ግን ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ወለል አልነበረም። ከ1968ቱ ልምድ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ወለሉ ቢወሰን እንኳ ከዋጋ ንረት ጋር እየታየ እንዲስተካከል የሚጠይቅ ነጻ ማኅበር ከሌለ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ ብቻ ይቀራል።