የእንግዳ ማዕድ ዋጋ ሲወጣለት፦ ከመንቆረር ግብር ቤት እስከ መንገድ ዳር ሆቴል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ጎሐ ጽዮንን እንዳለፈ የዓባይ በረሃ ከፊቱ ይከፈታል። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ዳገቱም ያንኑ ያህል። ደጀን ሲወጣ መንገደኛው ደክሞታል፣ ርቦታልም። ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ደምበጫ ባለው መንገድ ላይ፣ «እዚያ ቤት ሳትበሉ እንዳታልፉ» የሚባልላቸው ትናንሽ ሆቴሎች የበዙት ያለ ምክንያት አይደለም። አልጋቸው ጥቂት፣ ግቢያቸው ጠባብ ነው፤ ስማቸው የሚጠራው በወጣቸው ነው።

የማኅበራችን አባላት ብዙዎቻችን ለሆቴል እንጀራ እንጋግራለን፤ በርበሬና ሽሮ የምናዘጋጅም አለን። ስለዚህ ታሪኩ ይመለከተናል። የሆቴል ታሪክ ሲወራ የሕንፃውና የባለቤቱ ስም ይነሣል፤ ወጥ ቤቱ ግን ከጓሮ እንደሆነ ይቀራል። እኛ ከጓሮ በኩል እንጀምር ብለናል።

በጎጃም ደጋ ሆቴል የሚባል ነገር ከመታወቁ በፊት የመሸበት መንገደኛ በአንድ ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይል ነበር። «ቤት ለእንግዳ» ተብሎ ይገባል፤ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል። ይህ የምንኮራበት ባህል ነው፤ እውነትም ያኮራል። ሆኖም «ግባ» የሚለው አባወራ ሲሆን፣ ከተጋደመችበት ተነሥታ እሳት የምታያይዘው፣ የነገውን ሊጥ ዛሬ የምትጋግረው እማወራዋ ነበረች። ለእሷ የተባለ ምስጋና በተረት ውስጥ እንኳ ብዙም አይገኝም።

የመንግሥት እንግዳ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። በባላገሩ ላይ «ድርጎ» ይጣልበታል፤ እንጀራው፣ በጉ፣ ማሩ፣ ቅቤው ከየቤቱ ይሰበሰባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአገራችን የተዘዋወሩ የውጭ አገር ተጓዦች ድርጎ በብዛት ስለመቀበላቸው ጽፈዋል። አንዳንዶቹም ባላገሩ እያጉረመረመ እንደሚያመጣ አስተውለዋል።

ነጋዴው ግን የማንም እንግዳ አልነበረም። ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፣ የዛሬዋ የጁቤ ባለችበት፣ የባሶ ገበያ የሚባል ትልቅ ገበያ ነበር። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ እዚያ ይሸጥ ነበር፤ ሰውም ጭምር ይሸጥ ነበር፤ ይህን መዝለል አይገባም። የሲራራ ነጋዴ ድንኳኑን ተክሎ፣ ስንቁን በሶውንና ድርቆሹን ፈትቶ ያድራል። ጠላና ትኩስ እንጀራ ሲያምረው ግን ከመንደሩ ሴቶች ይገዛል። የእንግዳ ማዕድ በገንዘብ መለወጥ የጀመረው እንዲህ ባለው የገበያ ዳር ይመስለናል።

ደብረ ማርቆስ ራሷ በፊት መንቆረር ትባል ነበር። በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማቸው አደረጓት፤ ስሟንም ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አገኘች። በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ግብር ሲገባ ሰው በየማዕረጉ ተቀምጦ ይበላል። ከአዳራሹ ኋላ ደግሞ ፈጪዋ፣ ጋጋሪዋ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ውኃ ቀጂዋ፣ ጠጅ ጣይዋ ሌሊቱን ሁሉ ይሠራሉ። ከነዚህ ሴቶች መካከል በባርነት የተያዙ ነበሩ። የጎጃም ማርና ነጭ ጤፍ ዝና እስከ ዛሬ አለ፤ የወፍጮው ድንጋይ የማን ክንድ እንዳደከመ ግን የሚያስታውስ የለም።

የማዕዱን ነገር የለወጡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ለጎጃምም እንግዳ አልነበሩም፤ ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እናታቸው በደብረ መዊ ይኖሩ እንደነበር ያወሳሉ። እቴጌይቱ ግብር በማሰናዳት የታወቁ ነበሩ። በ1890ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል አቋቋሙ። ሆቴሉ በአገሪቱ የመጀመሪያው እንደሆነ ይታወቃል። በዚያን ጊዜ ከቤት ውጭ፣ ሰው ፊት፣ ያውም ከፍሎ መብላት እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ገበያው አልቀና አለ። ከዚያ በኋላ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው ከፈሉ፤ ሌላውም ተከተለ እየተባለ ይነገራል። ወሬው በየአፉ ትንሽ ትንሽ ቢለያይም ፍሬው አንድ ነው፦ ወጥ ሠርቶ ዋጋ መጠየቅ እንደማያዋርድ ለማሳየት ንጉሠ ነገሥት አስፈልጓል። ሆቴሉ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ከፊሉ በእሳት ቢጎዳም ዛሬም ቆሟል።

በገጠር ከተሞች ግን ለሴቷ እንዲህ ያለ ጠበቃ አልነበራትም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የመኪና መንገድ በዓባይ በረሃ ተቆርጦ ገባ፤ ከመንገዱ ጋር ቃላት መጡ። «አልቤርጎ» በጣሊያንኛ ማደሪያ ቤት ነው፤ እኛ ዘንድ የሚከራይ ክፍል ሆነ። «ሎካንዳ»ም እንዲሁ የእንግዳ ማደሪያ ማለት ነበር፤ እኛ ግን ሥጋ ቤቱን «ሉካንዳ» አልነው። (ጣሊያኑ አልጋ ሲፈልግ እኛ ቁርጥ ፈለግን ማለት ነው።) በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ጠላት ደብረ ማርቆስን ለቆ ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ ሾፌሮችና ነጋዴዎች ተከተሉ። ለእነሱ በር የከፈቱት በአብዛኛው ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች ናቸው፦ ባል የሞተባቸው፣ የተፋቱ፣ ርስት ያልደረሳቸው። መጀመሪያ ጠላ፣ ቀጥሎ ጠጅ፣ ከዚያ ወጥ፣ ከዚያ በመጋረጃ የተከፈለ አንድ ሁለት አልጋ። «ቡና ቤት» የምንለው እንዲህ አደገ።

ያተረፉት ስም ግን «ኮማሪት» የሚል ነው። የሚበላው ሰው በልቶ ሲወጣ ያማቸው ነበር። በአንዳንዶቹ ቤት ከምግብና ከመጠጥ ሌላ ነገር ይሸጥ እንደነበር አንክድም፤ ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ግን ግፍ ነው። ብዙዎቹ በዚያው ገንዘብ ልጅ አስተምረዋል፣ ዕቁብ ጥለው ቤት ሠርተዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ በየከተማው ቤት እያከራዩ የሚተዳደሩ ሴቶችም ጥሪታቸውን አጥተዋል። ስለዚያ አዋጅ ሲጻፍ ባለ ፎቁ ይነሣል እንጂ ባለ ሁለት ክፍሏ አትነሣም።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ስንጓዝ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ትንሽ ሆቴል አድረን ነበር። ቀኑ ዓርብ ነው። በእኛ አስተያየት የአንድ ወጥ ቤት ሙያ የሚለየው በጾም ቀን ነው፤ በፍስክ ቅቤው ብዙ ጉድለት ይሸፍናል። ሽሮው፣ ጎመኑ፣ የድንች ወጡ፣ የሱፍ ፍትፍቱ ቀረበ፤ ሥልጆው ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ሥልጆ ቀላል አይደለም። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተበጥብጦ ይበስላል፤ ከዚያም በሰናፍጭ ተጥሎ እስኪኮመጥጥ ቀናት ይቆያል። ቸኩሎ ያወጣ ጥሬ ጥሬ ይለዋል፤ ያሳለፈው ይበላሽበታል።

ወደ ጓሮ ዘልቀን ወጥ ሠሪዋን አገኘናቸው።

«እትዬ፣ ይኼ ሥልጆ ስንት ቀኑ ነው?»

«ስምንት። ዛሬ ነው የደረሰው፤ ትናንት ብትመጡ አልሰጣችሁም ነበር።»

ማን እንዳስተማራቸው ስንጠይቃቸው እናታቸው በዚሁ መንገድ ላይ ጠላ ይሸጡ እንደነበር ነገሩን። የእናታቸውን ቤት ያለበትን ቦታ በእጃቸው አመለከቱን፤ አሁን የነዳጅ ማደያ ሆኗል።

በ1961 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሆቴል ሙያ ማሠልጠኛ ከተቋቋመ ወዲህ ወጥ ቤት በምስክር ወረቀት የሚገባበት ሙያ ሆኗል፤ መልካም ነው። እኚህ ሴት ግን ወረቀት የላቸውም። ስለዚህ ዋጋቸው የሚቆረጠው እንደ ቀን ሠራተኛ ነው፤ የሆቴሉ ስም ግን የቆመው በእሳቸው ሥልጆ ላይ ነው። ለሆቴል እንጀራ የምናቀርብ አባላትም ይህን እናውቀዋለን፦ ጤፍ ሲወደድ የምግቡ ዋጋ በማግሥቱ ይጨምራል፤ የእንጀራችን ዋጋ እስኪስተካከል ግን ስንት ጊዜ እንመላለሳለን።

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ያላችሁ እኅቶች፣ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በመንገዱ ዳር ቤት ከፍተው ያስተናገዱ እናቶችን የምታስታውሱ ካላችሁ ስማቸውን፣ የቤታቸውን ቦታና የሚታወቁበትን ወጥ ጽፋችሁ ወይም በቃል ነግራችሁ ላኩልን። ፎቶግራፍ ያላችሁ ቅጂውን ብቻ ስጡን፤ ዋናው እናንተው ዘንድ ይቀመጥ። ደጋፊዎቻችንም ለዚህ ሥራ የድምፅ መቅጃ ቢገኝ እንደሚጠቅመን እንድታውቁልን እንወዳለን፤ ከእናቶቹ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ገፍቷልና።