አንጀት በአንጀት ላይ ሲቋጠር

እ.ኤ.አ. በ2005 የሱዳን የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ጁባ ብዙ የውጭ ሰዎችን አስጠግታለች፤ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎችና ሠራተኞችም ከእነዚሁ መካከል ናቸው። በሙኑኪ የሚኖር ሠራተኛ ወይም ባለሱቅ ቀኑን በሥራ ውሎ ማታ አንድ ጊዜ ጠግቦ ቢበላ የሚያስገርም አይደለም። ከዚህ ልማድ ጋር ስሙ የሚነሣ አንድ ብርቅ በሽታ ግን አለ፤ ታሪኩም ከጎረቤት ኡጋንዳ ጋር የተሳሰረ ነው።

የአንጀት መዘጋት ከጥንት ሐኪሞች የተሰወረ አልነበረም። በሂፖክራጥስ ስም የሚታወቁት የግሪክ መጻሕፍት የተዘጋውን አንጀት በወናፍ አየር ነፍቶ መክፈትን ይመክራሉ። እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ ኖርዌጂያዊው ብሩስጎርድ ሲግሞይድ የተባለው የትልቁ አንጀት ክፍል ሲጠመዘዝ፣ በፊንጢጣ ቱቦ አስገብቶ የታመቀውን አየር በማስተንፈስ ሊፈታ እንደሚችል አስረዳ። ይህ መጠምዘዝ በኢትዮጵያም የታወቀ ነው።

ቋጠሮው ግን ከዚህ ይለያል። ቀጭኑ አንጀት በሲግሞይዱ ሥር ዞሮ ይተበተብና የሁለቱም ደም ይቋረጣል። በሽታውን ፓርከር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1845 ገልጾት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ሼፐርድ በኡጋንዳ የታዩ 92 ሕሙማንን ታሪክ አሳተመ። በእርሱ አስተያየት ሦስት ነገሮች ይገናኛሉ፦ የቀጭኑ አንጀት ማንጠልጠያ መርዘም፣ የሲግሞይዱ ረዝሞ ሥሩ መጥበብ፣ እንዲሁም በባዶ ሆድ ላይ በአንድ ጊዜ የሚገባ ብዙ ምግብ።

ምርመራውን የሚያከብደው ምልክቶቹ እርስ በርስ መጋጨታቸው ነው። ትውከቱ ቀጭኑ አንጀት የተዘጋ ያስመስላል፤ ራጁ ግን የትልቁን አንጀት መነፋት ያሳያል፤ ቱቦውም አያልፍም። ሦስቱ ሲገጥሙ ሐኪሙ ቋጠሮውን ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ ግን እርግጡ የሚታወቀው ሆድ ሲከፈት ነው። አንጀቱ ከሞተ ቋጠሮውን ለመፍታት መታገል አደገኛ ነው፤ መርዙ ወደ ደም ሊሠራጭ፣ የበሰበሰውም ሊቀደድ ይችላልና። ስለዚህ የሞተው ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፤ ጤነኛው ይቀጠላል፣ ወይም ለጊዜው ወደ ሆድ ቆዳ ይወጣል።

ከጥንት ወናፍ እስከ ዛሬ ቀዶ ሕክምና ብዙ ነገር ተለውጧል፤ የጊዜ ጉዳይ ግን አልተለወጠም። አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ሌሊት በድንገት የጀመረ ብርቱ ቁርጠት ትውከትና የሆድ መነፋት ከታከሉበት፣ ፈስና ዓይነ ምድርም ከቆሙ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ወስዶ ንጋትን መጠበቅ ሕይወትን ማስያዝ ነው።