የእርሻ ኢኮኖሚ ሙያ በኢትዮጵያ፤ አመጣጡና ግዴታው

የእርሻን ሥራ በልክና በቁጥር መመርመር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የእርሻ ኢኮኖሚ የሚለው ስም ከዘመናዊው ትምህርት ጋር የመጣ ቢሆንም፥ መሬቱ በጋሻ ሲቈጠር፥ እህሉ በቁናና በዳውላ ሲሰፈር፥ ከምርቱም አሥራት ሲወጣ ብዙ ዘመን ኖሯል። ጭሰኛውም ለባለመሬቱ እርቦውን፥ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ሲከፍል፥ የሒሳቡን ትርጉም ከማንም ይልቅ ያውቀው ነበር። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ሙያው ከየት እንደ ተነሣና ከደረሱበት ፈተናዎች ምን እንደ ተማረ ለመመርመር፥ ቀጥሎም ወደዚህ ሥራ ለመግባት የሚያስብ ተማሪ ምን እንደሚጠብቀው ለማመልከት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ መታወስ የሚገባቸው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሕዝብ ሀብት የሚበዛው በዕውቀትና በሥራ መሆኑን ያስረዳል። ከዚያም በኋላ የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በ1942 ዓ.ም.፥ የገብረ ወልድ እንግዳ ወርቅ «የኢትዮጵያ መሬትና ግብር ስም» ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ታተሙ። እነዚህ ሁለት መጻሕፍት የመሬቱን ስሪትና የግብሩን ዓይነት በየስሙ ስለ መዘገቡልን፥ የአገራችንን የእርሻ ታሪክ የሚያጠና ሰው ሳያነባቸው ሊያልፍ አይገባውም።

ትምህርቱ በመደበኛ መልክ የተተከለው ግን በኮሌጅ ነው። በ1944 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተዋዋለው መሠረት፥ በኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ረዳትነት አንድ የእርሻ ኮሌጅ እንዲቋቋም ተወሰነ። ትምህርቱ በጅማ ተጀምሮ ወደ ዓለማያ ተዛወረ፤ ኮሌጁም በጥር 1950 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ተመረቀ። አቋሙ በአሜሪካ እንደሚገኙት የእርሻ ኮሌጆች ሦስት ሥራዎችን፥ ይኸውም ማስተማርን፥ ምርምርንና ገበሬውን ማስፋፋትን አንድ ላይ የያዘ ነበር። የኦክላሆማ መምህራን ውላቸው አልቆ በ1960 ዓ.ም. ሄዱ። ኮሌጁ በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ይኸው ነው።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ይጠየቅ የነበረው ዋናው ጥያቄ፥ በአንድ ሔክታር ላይ የሚገኘው ምርት እንዴት ይጨምራል የሚል ነበር። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ይህንንም በግልጽ ያሳየው የጭላሎ ታሪክ ነው።

በ1959 ዓ.ም. መጨረሻ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በአርሲ ጠቅላይ ግዛት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን ለማቋቋም ተስማሙ። ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤቱን በአሰላ አድርጎ፥ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬው ማደል ጀመረ። የስንዴው ምርት በእርግጥ ጨመረ። ነገር ግን መሬቱ ብዙ እንደሚያስገኝ በታየ ጊዜ፥ አንዳንዶቹ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን አስለቅቀው ራሳቸው በትራክተር ማረስ ጀመሩ፤ ሌሎቹም መሬቱን ለትራክተር ባለቤቶች አከራዩት። በቦታው የቀረው ጭሰኛም የሚከፍለው ድርሻ ከፍ አለበት። ድርጅቱ ይህን ተመልክቶ ርዳታውን ለትንንሾቹ ገበሬዎች ብቻ ለመወሰን ደከመ፤ መንግሥትም የጭሰኛውን መብት የሚጠብቅ ሕግ ለማውጣት ቃል ገብቶ ነበር። ረቂቁ ለፓርላማ ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀረ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው በሰልፍ የወጡበት ጉዳይ በጭላሎ በገሃድ ታየ። በመጨረሻም የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። የኩንታሉን ቁጥር ብቻ የሚጽፍ ሰው ጭላሎን ለመልካም ምሳሌ ባቀረባት ነበር። ኩንታሉ ወደ ማን ጎተራ እንደ ገባ የሚጠይቅ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ያገኛል።

የጎጃምም ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ በዐመፅ ተነሣ። ገበሬው የፈራው የግብሩን ብዛት ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ከተለካ ርስቱ ይነካል ብሎ ሠጋ። የዘመናችን አጥኚም መጠይቁን ይዞ ወደ ገጠር ሲወርድ ይህን ሥጋት ሊያስብበት ይገባል። ስንት ጥማድ መሬት አለህ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው፥ የጠያቂውን አመጣጥ ሳያውቅ እውነቱን አይናገርም፤ እንደዚህ ባለ መልስ ላይ የቆመ ሒሳብም ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው ፈተና ከመሬቱ ከራሱ የመጣ ነው። በ1970ዎቹ እንደ ማይባር፥ አንዲት ጥድና አንጀኒ ባሉ ጣቢያዎች የአፈሩ መታጠብ ይለካ ጀመር፤ በዚህም መነሻነት ከሚታረስ መሬት በየዓመቱ በሔክታር በአማካይ 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ተገመተ። በዚያው ዘመን እህል ለሥራ በሚባለው መንገድ በብዙ ቦታ እርከን ተሠራ፤ ተራሮችም ከከብት ተከለሉ። ሆኖም በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከተሠራው ብዙው ፈረሰ፥ ደኑም ተቈረጠ። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እርከን ከማሳው ላይ ቦታ ይወስዳል፤ ጥቅሙም የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ነገ መሬቱ ይሸነሸን ይሆናል ብሎ የሚሠጋ ገበሬ ለልጅ ልጁ የሚሆን ካብ አይክብም። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀምር ግን፥ ደብተር የያዘው ገበሬ መሬቱን ለመንከባከብ ይበልጥ እንደ ተጋ ጥናቶች አመልክተዋል። የአካባቢ ኢኮኖሚ የሚባለው ዕውቀት ዋና ነገሩ ይህ ነው፤ ዛሬ የሚደከምለት ነገር ነገ የማን እንደሚሆን መጠየቅ።

እንግዲህ ተማሪው የት ይሠራል? በግብርና ሚኒስቴርና በክልል ቢሮዎች፥ የ1958ቱን የእርሻ ምርምር ድርጅት በወረሰው የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፥ በባንኮችና በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፥ በ2000 ዓ.ም. በተቋቋመው የምርት ገበያ፥ በፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩትም ሥራ አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅም የፋብሪካንና የግድብን ጉዳት አስቀድሞ የሚመረምር ባለሙያ እንዲፈለግ አድርጓል። ለምርምር የሚሆነውም ሀብት ጥቂት አይደለም። የስታቲስቲክስ አገልግሎት ዓመታዊ የእርሻ ናሙና ጥናት ያወጣል። በ1986 ዓ.ም. በ15 የገጠር ቀበሌዎች 1,500 ያህል ቤተ ሰቦችን ይዞ ለዓመታት የተከታተለው የገጠር ቤተ ሰብ ጥናት ደግሞ የአንዱን ገበሬ ኑሮ ከዘመን ዘመን ለማመዛዘን ይረዳል።

በአጭሩ ለመደምደም፥ ሙያው ሦስት ጥያቄዎችን አንድ ላይ መያዝ አለበት እንላለን፤ ምርቱ ስንት ነው? የማን ነው? መሬቱስ ለሚመጣው ትውልድ ይተርፋል ወይ? ከሦስቱ አንዱ በተዘነጋበት ጊዜ ዕዳውን የከፈለው ገበሬው ነው። ስለዚህ ከጓደኞቻችን መካከል ይህን ትምህርት የሚመርጥ ሰው፥ ሠንጠረዡን ከመሙላቱ በፊት በሠንጠረዡ ውስጥ ስሙ ያልገባው ማን እንደ ሆነ አጥብቆ ይጠይቅ።