የጎንደር ኖራና የሲሚንቶው ጥገና

ሙየንጋ ላይ የቤታችን ግድግዳ ሲሰነጠቅ እጃችን ፈጥኖ የሚዘረጋው ወደ ሲሚንቶ ነው። ጎንደርም ይህን መድኃኒት ቀምሳዋለች።

በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1607–1632) በኖራ የመገንባት ጥበብ ከህንድ በመጣ ባለሙያ አማካይነት እንደታወቀ የኢየሱሳውያን ጽሑፎች ይነግሩናል። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ግንባቸውን በድንጋይና በኖራ አሠሩ። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ጎንደርን የያዙት ጣልያኖች ግን የተጎዳውን ሲጠግኑ ሲሚንቶና ብረት ያለበት ኮንክሪት ተጠቀሙ። ቆየት ብሎ በተካሄደው እድሳት ይህ እየተነሣ በኖራ ተተክቷል።

ምክንያቱም የኖራ ልስን ለስላሳ ነው፤ እርጥበትን ስቦ መልሶ ያወጣል። ጠጣሩ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል፤ በዚህ የተነሣ አጠገቡ ያለው አሮጌ ልስን ይላላና አዲስ ስንጥቅ ያወጣል። (በሲሚንቶ ለተለሰነ ቤት ይህ ሥጋት አይሠራም።)

የውስጥ ግድግዳ ስንጥቅ በኖራ ሲጠገን የላላው ልስን ይፋቃል፤ አቧራው ይጠረጋል፤ ስንጥቁም በውኃ ይርሳል። ከዚያ ኖራና ደቃቅ አሸዋ ተቦክቶ በስስ በስሱ፣ በየተራ ይሞላበታል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሆነ በአንድ ቀን ጨርሼ ልሂድ ለሚል ግንበኛ አይመችም፤ ፈጥኖ እንዳይደርቅ እርጥብ ጨርቅ እየተሸፈነበት ለቀናት ይጠበቃል።