የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና ልጆች

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር፣ በሞባይል ስልክና በኢንተርኔት የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ለመቅጣት የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2008 ዓ.ም. አጽድቆታል። አዋጁ መንግሥት የዜጎችን የመልእክት ልውውጥ የሚከታተልበትን ሥልጣን ይዘረዝራል፤ ልጆችን በስልክ ከሚደርስባቸው ወሲባዊ ጥቃት የሚጠብቀውም ይኸው ሕግ ነው። በአዋጁ ላይ የተነሳው ክርክር ሁሉ በመጀመሪያው ጉዳይ ላይ ስለነበር ልጆችን የሚመለከቱት አንቀጾች ሊመረመሩ የሚገባቸውን ያህል አልተመረመሩም።

ክርክሩ ያን ያህል የበረታው ያለ ምክንያት አልነበረም። የመንግሥት የሳይበር ደህንነት ተቋም የሆነው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ የተቋቋመው አዋጁ ከመውጣቱ ከዓመታት በፊት፣ በ1999 ዓ.ም. ነው። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን የሆነው ሲቲዝን ላብ በየካቲት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ሀኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር በውጭ አገር በሚሠሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ላይ መሞከሩን ገለጸ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር በውጭ በሚኖሩ ተቃዋሚዎች ላይ መዋሉን ይኸው ቡድን ይፋ አደረገ። በአሜሪካ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩ ተሰልሏል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት ቢከስም፣ የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የሉዓላዊነት ከለላን ጠቅሶ ክሱን ሳይቀበለው ቀርቷል።

አዋጁ ለዚህ ዓይነቱ ክትትል አገር ውስጥ ሕጋዊ መልክ ሰጠው። አንቀጽ 24 የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪዎች ማን ከማን ጋር፣ መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መረጃ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። በአንቀጽ 25 መሠረት የመልእክት ልውውጥን መጥለፍ የሚቻለው በፍርድ ቤት ፈቃድ ነው። ይሁንና በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ አስቸኳይ አደጋ ያንዣበበ እንደሆነ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መፍቀድ ይችላል፤ ምክንያቱንም በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ያቀርባል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሥልጣን ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተዛውሯል።

ስለ ልጆች የሚናገረው አንቀጽ 12 ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በወሲባዊ ድርጊት ላይ ሆኖ የሚያሳይ ምስል ያዘጋጀ፣ ያስተላለፈ፣ የሸጠ፣ ያሰራጨ ወይም ያለ ፈቃድ ይዞ የተገኘ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ልጅን በጽሑፍ መልእክት፣ በፎቶ ወይም በቪዲዮ ለወሲብ ያግባባ ሰው ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቀጣል። በአንቀጽ 13 ማስፈራራትና ስም ማጥፋትም ወንጀል ናቸው።

ቅጣቱ ለአጥቂው ተገቢ ነው። ጉድለቱ አጥቂውንና ልጁን አለመለየቱ ላይ ነው። የ16 ዓመት ልጅ የራሷን ወሲባዊ ፎቶ አንስታ ለእኩያዋ ብትልክ፣ በአንቀጹ ቃል መሠረት እሷም “አዘጋጅታለች”፣ “አስተላልፋለች”። ለእኩዮች የተለየ ንዑስ አንቀጽ የለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ልዩ ሥርዓት ቢዘረጋም፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉት በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኛሉ፤ ማቅለሉ ለዳኛው የተተወ ነው። ፎቶሽን በቴሌግራም እለቅቀዋለሁ የሚል ማስፈራሪያ የደረሳት ልጅ ፖሊስ ዘንድ ስትሄድ በገዛ አፏ ራሷን እንዳትከስ ትሰጋለች። የሚያስፈራራትም ይህንን ስጋት ያውቃል።

ሌሎች አገሮች በዚህ ተፈትነዋል። በፍሎሪዳ የ16 ዓመት ልጃገረድ ከ17 ዓመት ጓደኛዋ ጋር የተነሱትን ፎቶ በመላኳ በሕፃናት ወሲባዊ ምስል ሕግ ጥፋተኛ መባሏን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 አጸና። ግዛቲቱ ከአራት ዓመት በኋላ ለታዳጊዎች የተለየ፣ ቀለል ያለ ሕግ አወጣች። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያም እ.ኤ.አ. በ2014 የዕድሜ ልዩነታቸው ከሁለት ዓመት ያልበለጠ እኩዮችን ከክስ የሚያድን ድንጋጌ ጨመረች።

በአገራችን፣ ለምሳሌ በአማራ ክልል ደቡብ ወሎ ዞን ደጋማ ወረዳዎች፣ የሕጉ ርቀት በእግርም የሚለካ ነው። በአዋጁ የተመለከቱ ወንጀሎችን በመጀመሪያ ደረጃ የማየት ሥልጣን የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ አማራ ክልል ውስጥ ይህ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ ውክልና ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሰጥቷል። ስለዚህ ጉዳዩ የወረዳ ፍርድ ቤት አይበቃውም። ኩታበር ለዞኑ ዋና ከተማ ለደሴ ቅርብ ናት፤ የቦረና ወረዳዋ መካነ ሰላም ግን ወደ ዓባይ ሸለቆ አቅጣጫ ከደሴ ርቃ ያለች ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ቦታ ስልክ ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ነው፤ የአባት ስልክ የልጅም ስልክ ይሆናል፤ ማንበብ የሚችለው ልጅ ለወላጆቹ መልእክት ያነብባል፣ ካርድ ይሞላል። ሲም ካርዱ በአባት ስም ሲመዘገብ የቴሌኮሙ መዝገብ የሚያሳየው አባትን እንጂ ልጁን አይደለም። መርማሪው ከዚያ ወዲያ ያለውን ከሰው አፍ ማጣራት ይኖርበታል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አማራ ክልል ግጭት ውስጥ ሲገባና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆየ። መንገድና ፍርድ ቤት በተስተጓጎለባቸው ቦታዎች አቤቱታ ሳይቀርብ ወራት ሲነጉዱ፣ አንቀጽ 24 የሚያስገድደው የመረጃ ማቆያ ጊዜም አብሮ ይቆጥር ነበር። አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ለሚመጣ ተበዳይ ልጅ ኩባንያው ያንን መዝገብ ይዞ እንዲጠብቅ የሚያስገድደው ነገር በዚህ አንቀጽ የለም።